በስንደዶ ሜዳ ያደረው ካፖርት

እኔ መቼም እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ኋላ «ጌጡ ልብስ ሰፊው አረጀና መቃዠት ጀመረ» እንዳትለኝ። ደብረ ታቦር ላይ ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ ስለ ዛሩ፣ ስለ ቡዳው፣ በስም እየጠራ ሰው ስለሚያስኮበልለው ነገር ያልሰማሁት ወሬ የለም፣ ደንበኛ ልኩን እስክወስድለት ድረስ አፉ አያርፍማ! እኔ ግን ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ «ይህን ያየኸው አንተ ነህ ወይስ የነገረህ ሰው?» ነበር የምለው፣ ሁልጊዜም ያየው ሌላ ሰው ነው። በሜትር ያልተለካ ነገር ለኔ የለም ማለት ነው። እመነኝ፣ ይህን ያህል ደረቅ ነበርኩ፣ ሚስቴ እንኳ «አንተ ሰውዬ ጸሎትህንም በሜትር ነው የምትለካው» ትለኝ ነበር።

አሁን ግን በታኅሣሥ ወር ሱቄ ደጃፍ ቆመህ «ጌጡ!» ብትለኝ አልመልስልህም። ገብተህ ፊቴ እስክትቆም ድረስ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ እንጂ ቀና አልልም። ደነቆረ የሚሉኝ አሉ፣ ኮራ የሚሉኝም አሉ፣ ይበሉ። አንተ ግን ወዳጄ ስለሆንክ ምክንያቱን ልንገርህ፣ ከፈለግህ እመን፣ ካልፈለግህ ሳቅ፣ እኔም በዚያን ጊዜ ስቄ ነበር።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው፣ መኪና ወደ ጋይንት ሳይገባ፣ ሰው በበቅሎና በእግሩ በሚሄድበት ጊዜ። ሚስቴ የተወለደችው እዚያው ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ነው። በዚያ ዓመት ገና ሲቃረብ እናቷ እሜቴ የውብዳር በአንድ ነጋዴ አፍ መልእክት ላኩ፣ «ዓይኔ እየፈዘዘ ነው፣ ጨርሶ ሳይጠፋ የአስማረን ፊት ልየው፣ ለገና ላኩልኝ» የሚል። አስማረ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እኛው ቤት አድጎ አናጺ የሆነ፣ ከኔ በራስ ቁመት የሚበልጥ መለሎ፣ ሳቁ ከሦስተኛው ቤት የሚሰማ ጎረምሳ። እናቱ እግራቸው እስኪደክም እሳቸው እየመጡ ያዩት ነበር እንጂ እሱ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ አያውቅም።

ለምን ቢሉ፣ እሜቴ የውብዳር ደምሴ የሚባል የበኩር ልጅ ነበራቸው። ከከተማው ወዲህ ስንደዶ ሜዳ የሚሉት አለ፣ እዚያ ገና ሲጫወት የእንጨቷ ኳስ፣ ጥንጓ፣ ጆሮ ግንዱን መታችውና ማታውን ሞተ። አስማረ ያኔ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር። «ይህንንም ያ ሜዳ አይበላብኝም» አሉና እግሩ እንደጸና ከእህቱ ጋር ወደ ደብረ ታቦር ሰደዱት። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቤት የገና ዱላ አይገባም፣ ስለ ጨዋታው ማውራትም ነውር ነው።

እና ሚስቴ ያን ጊዜ አራስ ነበረች፣ መሄድ አትችልም። ሕፃኑን ታቅፋ እንባዋ እየወረደ «ጌጡዬ፣ በእጅህ ወስደህ በእጅህ አስረክብልኝ፣ እናቴ ዓይኗ ሳይጠፋ ትየው። ገና እንዳታጫውተው ደግሞ፣ አደራ» አለችኝ። አደራ አለችኝ፣ ልብ በል። አደራ ደግሞ ከሰማይ ከምድር ይከብዳል።

እኔም እንደ ሞያዬ ለአስማረ አንድ ካፖርት ሠራሁለት። የወታደር ካፖርት ከገበያ ገዝቼ ፈትቼ፣ ጨርቁን ገልብጬ፣ ቀይ ገበር አግብቼበት፣ ምን ልበልህ፣ ሥራ እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም። «እናትህ ፊት ይህን ለብሰህ ነው የምትቆም፣ ብታቆሽሸው አልምርህም» አልኩት። «ጋሼ፣ ሰው ነው ካፖርቱን የሚለብሰው ወይስ ካፖርቱ ሰውየውን?» ብሎ ሳቀብኝ። ተናዳጅ መሆኔን ያውቃልና ነገር ሲፈልገኝ ነው የሚውለው።

ጭነታችንን በአንዲት ዳማ በቅሎ ጭነን ወጣን። የዚያን አገር ብርድ ካላየኸው በቃል አይነገርም፣ በጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጆሮህን እንደ መቀስ ነው የሚከረክመው፣ እኔ ደግሞ ብርድ አልወድም፣ እየተራገምኩ ነው የሄድኩት፣ አስማረ ግን ካፖርቱን ቆልፎ እያፏጨ ይራመዳል። ክምር ድንጋይ አንድ ደግ ሰው ቤት አደርን። በማግሥቱ የገና ዋዜማ ነው፣ በጊዜ ደርሰን ቤተ ክርስቲያን ልንስም አስበን ማልደን ተነሣን፣ ነገር ግን በቅሎዋ ጭነቷ እየተንሸራተተ፣ አስማረም እያንዳንዱን ጅብራ እየቆመ ሲያይ ፀሐይ አዘቀዘቀችብን። «ይህማ ሰው ነው የሚመስለው!» ይላል። እውነትም ጅብራ የሚሉት የደጋ ተክል ከሩቅ ነጠላ የተከናነበ ሰው ይመስላል፣ «ሰው ከሆነ ሰላም በለውና ና፣ መሽቷል!» ስል ጮህኩበት።

ጉሙ የመጣው ያኔ ነው። ከታች ከገደሉ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ መንገዱን ዋጠው፣ የበቅሎዋን ጭራ እንጂ ጆሮዋን ማየት አቃተኝ። ከዚያ እግራችን ሜዳ ረገጠ፣ ሣሩ ለስላሳና እርጥብ ነው፣ ስንደዶ ሜዳ መሆኑ ገባኝ። ለአስማረ አልነገርኩትም። ምን አስፈለገኝ፣ ሜዳ ሜዳ ነው፣ ተሻግረን ከተማው ይደርሳል ብዬ ዝም አልኩ።

መሃሉ ላይ በቅሎዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ብስባት አልሄድ አለች፣ ብመታትም እንደዚያው፣ ጆሮዎቿን ወደ ግራ አቁማ ታዳምጣለች።

«ቷ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

እንጨት የሚፈልጥ ሰው ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ቷ»፣ ከዚያ የብዙ ባዶ እግር ሩጫ እርጥብ ሣር ላይ፣ ፈጠን ያለ ትንፋሽ፣ ሳቅ። ሩጫው ከግራችን ተነሥቶ በፊታችን አልፎ በቀኝ በኩል ራቀ፣ ነፋሱ ሲገፋኝ ተሰማኝ፣ ሰው ግን አላየሁም፣ ጉሙም አልተነቃነቀም።

«ጥንግ ናት ጋሼ!» አለ አስማረ፣ ዓይኑ በራ። «ገና እየተጫወቱ ነው!»

«በዚህ ጉም? በዋዜማ፣ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት ሰዓት?»

«ወጣት መቼ ሰዓት ያውቃል!»

እኔም እንደዚያው አሰብኩ፣ ለምን እዋሽሃለሁ፣ ስድ አደግ ጎረምሶች ናቸው አልኩ። እንዲያውም ሆዴ ደስ አለው፣ ሰው ካለ ከተማው ቅርብ ነው ማለት ነዋ። ልጓሟን ይዤ በቅሎዋን እየጎተትኩ ሳለ አንዲት ጥንግ ከጉሙ ውስጥ እየተንከባለለች መጥታ አስማረ እግር ሥር ቆመች። ከእንጨት የተጠረበች፣ ከማርጀቷ ብዛት የጠቆረች ናት። የሚወስዳት ሰው ይመጣል ብለን ጠበቅን፣ ማንም አልመጣም። ሩጫውም ሳቁም ጸጥ አለ፣ ሁሉም እኛን ቆሞ የሚያይ ይመስል ነበር።

ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ረጋ ያለ፣ የወጣት ድምፅ፣ «አስማረ! ጎደሎ ሙላልን!» አለ።

«አቤት!» አለ አስማረ፣ አፉ ቀደመው።

ይህን ጨዋታ ለማታውቅ፣ ሁለቱ ወገን እኩል ካልሆነ ጨዋታው አይደምቅም፣ ጎደሎ የሆነው ወገን መንገደኛም ቢሆን ይጠራል፣ የተጠራ ሰው እንቢ ካለ ነውር ነው፣ ፈሪ ተብሎ ይገጠምበታል፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ! ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የገረመኝ ግን ስሙ ነው።

«ቆይ፣ አንተን እዚህ አገር ማን ያውቅሃል?» አልኩት።

«እናቴ ይመጣል ብላ አውርታ ይሆናላ!» አለ። የሚረባ መልስ ነበር፣ እኔም ዋጥኩት። «ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ፣ አንድ እስክናገባ!»

«ተው! እህትህ ምን እንዳለች ረሳህ? አደራ ብላኛለች፣ ና በል!»

ማን ይስማኝ፣ ዕድሜውን ሁሉ የተከለከለውን ነገር አጠገቡ አገኘውና! ጥንጓን በጫማው ገፋ አድርጎ ሊሮጥ ሲል፣ እጄን ዘርግቼ አጣሁት፣ እንግዲህ የሰው አፍ የለመደውን ነው የሚናገረው፣ «ኧረ ካፖርቱን! ካፖርቱን አታበላሽ!» ብዬ ጮህኩ። ሳቀ። ካፖርቱን አውልቆ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጣለልኝና ጉሙ ውስጥ ገባ። ቀይ ገበሩ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የታየኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። «ቷ»፣ ሩጫ፣ «ቷ»፣ ጩኸት። በመካከሉ የአስማረን ሳቅ እሰማለሁ፣ ያን ሳቅ አልስተውም፣ መጀመሪያ ቅርብ ነበር፣ ከዚያ ራቅ አለ፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ጉድጓድ ውስጥ ሆነ። «አስማረ! በቃ፣ ና!» አልኩ። ልጓሟን ለቅቄ እጄን ዘርግቼ ወደ ድምፁ ሄድኩ፣ ስደርስ ድምፁ ከኋላዬ ነው፣ ስዞር ከፊቴ ነው፣ ልብ አድርግ፣ ያን ሁሉ ተጫዋች መሃል ነኝ፣ የትንፋሻቸው ሙቀት ፊቴን ይነካኛል፣ እጄ ግን ጉም እንጂ ጨርቅ አልጨበጠም። መፍራት የጀመርኩት ያኔ ነው። ሚስቴ ትዝ አለችኝ፣ እሜቴ ደጃፍ ተቀምጠው ኮቴ ሲያዳምጡ ታዩኝ፣ ምን ብዬ ነው ባዶ እጄን የምገባ?

ባለኝ ድምፅ ሁሉ «አስማረ! እናትህ እየጠበቀችህ ነው!» ስል ጮህኩ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ነፋሱም ቆመ። ከዚያ ያው የቅድሙ ድምፅ፣ ጆሮዬ ሥር፣ ያለ ቁጣ፣ «እንግዲያስ መያዣ አኑሮ ይሂድ» አለ።

እኔ ደግሞ እንደምታውቀኝ ነኝ፣ ስፈራ እናደዳለሁ፣ «አንተ ባለጌ! ፊትህን አሳየኝና ተናገር!» ብዬ በዱላዬ አየሩን ቀዘፍኩት። ከዚያ አንድ ሰው ደረቴ ላይ ወደቀ፣ አስማረ ነው። ሸሚዙ በላብ ተነክሯል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ጥጃ ጎትቶ እንደ ዋለ ሰው ዝሏል። ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት፣ በቅሎዋም ሳልፈልጋት መጥታ አጠገቤ ቆማለች፣ እንሂድ ብዬ ስጎትተው ያለ አንድ ቃል ተከተለኝ። ካፖርቱን አስታወስኩ፣ ድንጋዩን በጉሙ ውስጥ ፈለግሁት፣ ጠፋኝ፣ «ይቅር፣ ጠዋት አነሣዋለሁ» አልኩና ሄድን።

ከተማው አፋፍ ላይ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈ። አስማረን «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ተጫውቼ አልደክም?» አለኝ።

«የምን ቀኑን ሙሉ! አንዲት ዳቦ በማትበስልበት ጊዜ ነው እኮ!»

ዞሮ አየኝ። «ፀሐዩ እንዴት ያቃጥል ነበር» አለ። ከአንዱ ቤት በሚወጣው ብርሃን ፊቱን አየሁት፣ አፍንጫውና አንገቱ በበጋ አጨዳ ላይ እንደ ከረመ ሰው ተቃጥሎ ተልጧል። እኔ ግን አላመንኩም፣ ብርድ ነው ያቃጠለው አልኩ፣ ብርድም እኮ ያቃጥላል። «ለእናትህ እንዳትነግራት» ብቻ አልኩት።

እሜቴ የውብዳር ኮቴያችንን ሰምተው በሩ ላይ ቆመዋል፣ አጭር፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ እጃቸውን ወደ ፊት የዘረጉ። አስማረን ሲያገኙት አገላብጠው ሳሙት፣ ወደ እሳቱ ጎትተው አስቀመጡት፣ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አፍንጫቸው እስኪነካ ተጠግተው አዩት፣ «እሰይ፣ እሰይ የኔ ጌታ፣ አየሁህ፣ ሳልታወር አየሁህ» እያሉ አለቀሱ። እኔም ዓይኔ ሞላ፣ አደራዬን አወረድኩ አልኩ። ከዚያ እጃቸው ወረድ ብሎ መዳፉን ነካ። መዳፉን ገልብጠው በጣታቸው ዳበሱት፣ ተልጦ፣ ውኃ ቋጥሯል።

«ይህ የምን ነው?»

«አናጺ አይደለሁ፣ እማዬ!»

«የመጥረቢያ አይደለም።» ሸሚዙን ዳበሱ። «በዚህ ብርድ በሸሚዝ ነው የመጣኸው? ልብስህ የት ነው?»

እኔ ገባሁበት፣ «መንገድ ላይ ወድቆ ነው እሜቴ፣ ጠዋት እፈልገዋለሁ» አልኩ። እሳቸው አስማረን ብቻ ነው የያዙት። ደወሉ ሲደወል ወደኔ ዞረው «አንተ ሂድና ሳምልን፣ እኔ ከልጄ ጋር እሆናለሁ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው፣ ነገር ግን እጃቸው የልጁን መዳፍ አልለቀቀም። እኔም ሄድኩ።

ቅዳሴው አልቆ ስወጣ ጎሕ ቀዷል። ሰው ሁሉ ወደ ፍስኩ ይጣደፋል፣ እኔ ግን ሐሳቤ ካፖርቱ ላይ ነው፣ አንድ እረኛ አንሥቶ ሳይሄድ ልድረስበት ብዬ ወደ ስንደዶ ሜዳ ወረድኩ። በብርሃን ስታየው ምንም የለውም፣ ባዶ ሜዳ ነው፣ ዳር ዳሩን ጅብራ የቆመበት። ሌሊቱን አመዳይ ጥሎ ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል፣ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው የሰው ዱካ የለበትም፣ የወፍ እንኳ የለም።

ካፖርቱ ድንጋዩ ላይ ነው። አስማረ ሲጥለው አይቻለሁ፣ እንደ ነገሩ ነው የጣለው፣ አሁን ግን ታጥፏል፣ እጅጌው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ቀይ ገበሩ ወደ ላይ ሆኖ፣ ሥርዓት ባለው እጅ። ድንጋዩ በአመዳይ ነጭ ነው፣ ካፖርቱ ላይ አንዲት የአመዳይ ቅንጣት የለችም። አነሣሁት። ሞቀኝ። ሞቀኝ ስልህ፣ ሰው አሁን ከገላው አውልቆ የሰጠህ ልብስ እንዴት ይሞቃል? እንደዚያ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ስለነበር ሌላ ሳላስብ እጄን አስገባሁና ለበስኩት።

ልኬ ነበር። አስማረ ከኔ በራስ ይበልጣል ብዬሃለሁ፣ በእጄ ለክቼ በእጄ የቆረጥኩት ነው፣ እጅጌው ጣቶቼን መዋጥ፣ ግርጌውም ቁርጭምጭሚቴን መምታት ነበረበት። እጅጌው አንጓዬ ላይ ቆመ፣ ትከሻው ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ፣ ለኔ የሰፉት መሰለ። ቁልፉን ስቆልፍ፣ ከኋላዬ፣ ከሜዳው መሃል፣ «ቷ» የሚል ድምፅ መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ። አልዞርኩም፣ ወዳጄ፣ እግዜር ይመስክር፣ አልዞርኩም፣ እስከ ከተማው ድረስ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ሄድኩ።

ቤት ስገባ የዶሮ ወጡ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፣ አስማረ እሳቱ ዳር ተኝቷል፣ እሜቴ ራስጌው ተቀምጠዋል። እኔን ሲሰሙ ተነሡ፣ ሊስሙኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ጨርቁን ነኩት። ጣታቸው ደረቴ ላይ ቀረ፣ ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳበሱ።

«ይህ የእሱ ነው?»

«አዎ እሜቴ፣ ያደረበት አገኘሁት።»

«ማነው ከመሬት ያነሣው? አስማረ ነው? አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። እኔው ነኝ ያነሣሁት።»

«ተመስገን!» አሉ።

አሉና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ፊታቸው ወየበ። ከዚያ እግሬ ሥር ተደፍተው ጉልበቴን መሳም ጀመሩ፣ እኔ ደንግጬ አነሣቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ አንተም የሰው ልጅ ነህ፣ አንተም የልጄ ባል ነህ፣ ይቅር በለኝ» ይላሉ። ማታ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ አስማረ ሁሉን ተናግሮ ኖሯል፣ አንድ ሻሽ በግንባሩ ያሰረ ልጅ ሳይናገር ጥንጓን ለእሱ ብቻ ሲሰጠው እንደ ዋለ ጭምር። ደምሴን ግንባሩን በሻሽ ጠቅልለው ነው የቀበሩት፣ አስማረ ይህን ከማን ሰምቶ ያውቃል? እሜቴ ያኔ ነገሩን ለይተው ነገሩኝ፣ ከጨዋታ መሃል የሚወጣ ሰው በምትኩ ሰው ይሰጣል፣ ሰው ከሌለው ልብሱን መያዣ አኑሮ ይወጣል፣ ሲጠሩት ይመለሳል፣ ይህን እኔም አውቃለሁ። ያላወቅሁት ቀጥሎ ያለውን ነው፣ የሌላውን መያዣ ያነሣ ሰው ቦታውን ወሰደ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚጠሩት እሱን ነው። አስማረን «ሰማይ ቢወድቅ ያን ልብስ እንዳትነካ» ብለው አስምለውት አድረዋል። እኔን ማን ይንገረኝ፣ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ።

ሳቅሁ። «እሜቴ፣ ይህ እኮ የጨዋታ ወግ ነው፣ ልብስ ልብስ ነው» አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። ስንለያይ ብቻ ጆሮዬን ይዘው «በታኅሣሥ ከደጅ ሲጠሩህ አቤት አትበል» አሉኝ። ክረምቱን ሳይሻገሩ ዐረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ የልጃቸውን ፊት አይተው ነው የሄዱት። አልቀየምኳቸውም። እኔም ልጅ አለኝ፣ ለልጄ ቢሆን እኔም ተመስገን እል ነበር። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ከሜዳው ሁሉ፣ ከድምፁ ሁሉ ይበልጥ ሌሊት የሚያባንነኝ ያ «ተመስገን» ነው።

ደብረ ታቦር እንደ ገባሁ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ካፖርቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መለካት ነው። ትከሻው፣ እጅጌው፣ ቁመቱ፣ ሁሉም የአስማረ ልክ ነው፣ እንደ ቆረጥኩት፣ አንዲት ጣት አልጠበበም። ከዚያ ለበስኩት። ልኬ ነው። አውልቄ ለካሁት፣ የእሱ ልክ ነው። ሦስተኛ አልሞከርኩም። ልቆርጠው መቀስ ሳነሣ እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ እንዳልሸጠው የሚገዛኝ ሰው ምን በደለኝ? ሱቁ ጓዳ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፣ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፣ እጄን ባስገባሁበት ጊዜ ሁሉ ይሞቃል።

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ ጉም በማይደርስበት በኛ መንደር፣ የስፌት መኪናዬን በማቆምበት ቅጽበት፣ ከመንገዱ ማዶ «ቷ» ይላል። ከዚያ ያ ረጋ ያለ ድምፅ፣ «ጌጡ! ጎደሎ ሙላልን!» እኔም ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ የምሰፋው ባይኖረኝም ባዶ ጨርቅ እሰፋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እኔ ተጠራጥሬም አልዳንኩም።

አስማረ ትዳር ይዟል፣ ልጆች ወልዷል፣ እናቱ ያስማሉትን አልረሳም፣ ካፖርቱን በገዛ እጁ አያነሣም። በየዓመቱ፣ ገና ሲቃረብ፣ ይመጣና በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ እንደ ድሮው አይስቅም፣ ጓዳውን እያየ «ጋሼ፣ ካፖርቴን ስጠኝ» ይለኛል። «የኔ ነው እኮ፣ የተጠራሁት እኔ ነኝ።»

ዘንድሮም መጣ፣ ከትናንት በስቲያ። ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ፣ አስነሥቼ ትከሻውን ለካሁ፣ ደረቱን ለካሁ፣ አንዲት ክር ታህል አልተለወጠም። «ወፍረሃል» አልኩት፣ «አይሆንህም።» ወጥቶ ሲሄድ በሩን ከኋላው ዘጋሁና መኪናዬን ረገጥኩ።